የድሮ መኪና ክሮም በምን ይታሸግ?

ጥያቄ፦ «እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራ ሴዳን አለኝ። ሙሉ ቀለሙ ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አሁን የጎን ክሮሞቹን፣ ከበር ሥር ያለውን ረጅም አሉሚኒየም፣ ባጆቹን፣ የስቶፕ መብራቶቹን ክፈፍና የፊት መስታወቱን መልሼ መግጠም ቀርቶኛል። ከቀለሙ በፊት ላሜራው ክፉኛ የዛገው ከክሮሞቹ ጀርባ ነበር። ስለዚህ አሁን በደንብ አሽጌ መግጠም እፈልጋለሁ። ግልጽ ሲሊኮን ገዝቼ ተቀምጫለሁ። ቀለም ቀቢው ግን ፖሊዩሬቴን ካልሆነ አይረባም አለኝ። የቱን ልጠቀም? ክሮሙን ዙሪያውን ብደፍነውስ?»

መልስ፦

አጭሩ መልስ ሁለቱም አይደሉም ነው። ለአብዛኛው ሥራዎ የሚያስፈልግዎት ቡቲል ነው። ቡቲል የማይደርቅ፣ እንደ ታኘከ ማስቲካ የሚለጠጥ ጥቁር ማሸጊያ ነው። ፖሊዩሬቴን የሚገባበት ቦታ አለ፤ ግን ጥቂት ነው። ሲሊኮኑን ከመኪናው ያርቁት፤ ለመታጠቢያ ቤት ጠርዝ ይሆናል። ክሮሙን ዙሪያውን መድፈን ደግሞ ከሦስቱም የባሰ ሐሳብ ነው። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን የማሸጊያው ሥራ ምን እንደሆነ እንስማማ። ክሮሙን የሚይዘው ክሊፕ ነው፤ ወይም ብሎን፣ ወይም ላሜራው ላይ የተበየደ ትንሽ እንቡጥ። ማሸጊያው እንዲይዝ አይጠበቅም። ከእሱ የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው። ክሊፑ የገባበትን ቀዳዳ ውሃ እንዳያልፍበት ይድፈን። ክሮሙና ላሜራው ብረት ለብረት እንዳይነካኩ በመሃል ይግባ። ክሮሙ የሚወልቅበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ያለ ጣጣ ይልቀቅ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የድሮ መኪና ጌጥ ግን መውለቁ አይቀርም። ቀለም ይጫራል፣ ክሊፕ ይሰበራል፣ ክሮሙ ራሱ ሊታደስ ይላካል። በዚያ ቀን የሚያለቅሱት በጣም ጠንካራ ማሸጊያ የተጠቀሙ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ሲሊኮኑን እንየው። ቱቦውን ሲከፍቱት አቼቶ አቼቶ ከሸተተ፣ እየደረቀ ሲሄድ አሴቲክ አሲድ የሚለቅ ዓይነት ነው። ክፍት ቦታ ላይ ሲሆን አሲዱ ወደ አየር ተንኖ ይጠፋል። ከክሮም ጀርባ ግን መውጫ የለውም፤ እዚያው ታፍኖ ይቆያል። የክሊፑ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ትንሽ ከተፋቀ ባዶ ብረት ያገኛል። ባዶ ብረት፣ ዚንክና መዳብ ይህን አሲድ አይወዱም። ዝገት ይከላከልልኛል ብለው ያስገቡት ነገር ዝገቱን ራሱ ያስጀምረዋል ማለት ነው።

«እኔ የገዛሁት ኒውትራል የሚል ነው» ሊሉኝ ይችላሉ። ኒውትራል ሲሊኮን አሲድ አይለቅም፤ በዚህ በኩል ሰላም ነው። ሌላው ችግር ግን አይለቀውም። ሲሊኮን ላይ ቀለም አይይዝም። ትንሽ ቅሪት ላሜራው ላይ ከቀረ በኋላ ያንን ቦታ ለመቀባት ቢሞክሩ፣ ቀለሙ ትንንሽ ክብ ጉድጓድ እየሠራ ከቦታው ይሸሻል። ቅሪቱ በጨርቅ ሲጠረግ ደግሞ ከመጥፋት ይልቅ ወደ ጎን ይሰራጫል። ቀለም ቤት ውስጥ ሲሊኮን የሚባል ነገር ሲጠራ ሰው ሁሉ ፊቱን የሚያጠቁረው በዚህ ነው። ሦስተኛም አለ። ሲሊኮን ቅሪት ላይ ከሌላ ሲሊኮን በቀር ምንም በወጉ አይጣበቅም። አንዴ ከገባ ቦታውን ለራሱ ብቻ ይይዘዋል።

ቀለም ቀቢዎ ያሉት ግን ከባዶ ሜዳ አይደለም። ፖሊዩሬቴን ድንቅ ነገር ነው። ከአየር እርጥበት ጋር ተዋህዶ ይደርቃል፤ እንደ አየሩ ሁኔታ በ24 ሰዓት ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይጠነክራል። ከደረቀ በኋላ እንደ ጎማ ይተጣጠፋል፤ ቀለምም ይቀበላል። የዛሬ መኪኖች የፊት መስታወታቸው ከላሜራው ጋር የሚጣበቀው በዚሁ ዘር ማጣበቂያ ነው። እንግዲህ ያስቡት። መስታወትን በአደጋ ጊዜ እንኳ ከቦታው እንዳይነቀል የሚይዝ ነገር፣ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ከሆነ የክሮም ቆርቆሮ ጀርባ ምን ይሠራል? ክሮሙ ሲነሳ ይታጠፋል። አንዴ የታጠፈ ስስ ክሮም ደግሞ ነጸብራቁ በቀላሉ ተመልሶ አይስተካከልም፤ እጥፋቱ በፀሐይ ላይ ከሩቅ ይታያል። ዕድል ከከፋ ቀለሙን እስከ ፕራይመሩ፣ ማለትም ከቀለሙ ሥር እስካለው የመጀመሪያ ቅብ ድረስ፣ ይዞት ይነሳል።

ፖሊዩሬቴን ፀሐይም አይወድም። ቀለም ሳይቀባበት በቀጥታ ለፀሐይ ከተጋለጠ ከጊዜ በኋላ ገጹ ዱቄት ይተፋል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቦታው ቀለም የሚቀባበት የላሜራ መገጣጠሚያ ነው። ጣሪያው ጠርዝ ላይ ያለው አሸንዳ ለምሳሌ። የኮፈኑ ውስጥ እጥፋት። ሁለት ላሜራ ተደራርቦ በነጥብ የተበየደበት መስመር። እነዚህን ቀለም ቀቢዎ ከቀለሙ በፊት ሞልተውልዎት ከሆነ ሥራው በትክክል ተሠርቷል፤ አመስግነው ይለፉት። ቀለሙ ካለቀ በኋላ ክፍት የቀረ መገጣጠሚያ ካዩ ደግሞ ኤምኤስ ፖሊመር የሚባለውን ይምረጡ። እሱም በእርጥበት ይደርቃል፣ አሲድ አይለቅም፣ ቀለም ይቀበላል፣ ፀሐይን ከፖሊዩሬቴን የተሻለ ይችላል። ለክሮም ጀርባ ግን እሱም ከሚገባው በላይ ይይዛል። 

ፖሊዩሬቴን የሚጠቀሙ ከሆነ ግን ሁለት ነገር ይያዙልኝ። ሳይደርቅ ውስጡ አይሶሳያኔት የሚባል ለመተንፈሻ አካል ጎጂ የሆነ ኬሚካል አለ፤ በር ከፍተው፣ ጓንት አድርገው ይሥሩ። አስም ያለበት ሰው ባይነካው ይመረጣል። ሌላው፣ መስመሩን በጣት ሲያለሰልሱ ጣትዎን አልኮል ውስጥ አይንከሩ። ብዙ ሰው ያደርገዋል። አልኮሉ ግን ከማሸጊያው ጋር ራሱ ይዋሃድና ገጹ በትክክል እንዳይደርቅ ያደርገዋል፤ ለወራት እጅ ላይ የሚጣበቅ ገጽ ይተርፍዎታል። ቦታውን በአልኮል ካጸዱም ሙሉ በሙሉ እስኪተን ይጠብቁ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ቡቲል በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ ጠፍጣፋ ሆኖ በወረቀት ላይ የተጠቀለለ ቴፕ ነው። ሌላው ክብ ገመድ ነው፤ ከገመዱ የፈለጉትን ያህል ቆንጥረው በጣትዎ ይቀርጹታል። የማይደርቁ ገመድ ማሸጊያዎች ለክሊፕና ለባጅ እግር በጣም ይመቻሉ፤ የስሪ ኤም (3M) ኩባንያ ስትሪፕ ኮክ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ስትገዙ የማየው አንድ ስህተት አለ። ሬንጅ የተቀላቀለበት ጥቁር ማሸጊያ አንዳንዴ አብሮ ይሸጣል። ሲያሸቱት ሬንጅ ሬንጅ ይላል። ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ላይ ቡናማ እድፍ ያስቀራል፤ በሙቀትም ይፈስሳል። አይሁንብዎ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ግን ልክ አለው። የክሊፑን እግር ሥር ዙሪያውን ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ቀለበት ይጠምጥሙት። ክሊፑን ወደ ቀዳዳው ሲገፉት ቡቲሉ ተጨፍልቆ የቀዳዳውን ጠርዝ ሁሉ ይሸፍናል። ይኸው ነው። ሲበዛ የሚጠቅም ነገር አይደለም። ጥቁር ቀለም ያለው ላሜራ በበጋ ፀሐይ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሞቅ ይችላል። በዚያ ሙቀት ቡቲል ይለሰልሳል፤ የተረፈው ከክሮሙ ሥር እየሾለከ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ በየሳምንቱ ጥቁር ጢም ሲላጩ ይከርማሉ። በብርድ ጊዜ ደግሞ ይደድራል። ገመዱን ትንሽ እጅዎ ውስጥ ይያዙት፤ ይለሰልስልዎታል።

ጎልቶ የወጣ ካለ በብረት አይፋቁት። ከራሱ ከቡቲሉ ትንሽ ኳስ ሠርተው ደጋግመው ነካ ነካ ያድርጉት፤ ኳሱ ራሱ እየሳበ ያነሳዋል። የቀረውን ጥላሸት በአኳራጅ ወይም በነጭ ጋዝ በተነካ ጨርቅ ቀስ ብለው ይጥረጉት። ቲነር አይሞክሩ። በተለይ መኪናው በድሮው ናይትሮ ቀለም የተቀባ ከሆነ ቲነር ቀለሙን ጨርቁ ላይ ያመጣልዎታል። እርግጠኛ ካልሆኑ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ይሞክሩት።

ከመግጠምዎ በፊት እያንዳንዱ ጌጥ ከምን እንደተሠራ ይለዩ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከማሸጊያው ምርጫ እኩል አየዋለሁ። ሁሉንም «ክሮም» እንላቸዋለን እንጂ ዘራቸው አንድ አይደለም። የጎን ረጅሞቹ አብዛኛውን ጊዜ የማይዝግ ብረት ናቸው፤ የክሮም ቅብ እንኳ የላቸውም፣ ተወልውለው ነው የሚያበሩት። ማግኔት ይዞታልና ተራ ብረት ነው ብለው አይፈርዱ፤ ማግኔት የሚስበው የማይዝግ ብረት አለ፤ ለመኪና ጌጥም ብዙ ጊዜ የሚውለው እሱ ነው። የበር ሥሩ እንዳሉት አሉሚኒየም ነው፤ ቀላል ነው፣ ማግኔት አይስበውም። ባጆቹና የመብራት ክፈፎቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሻጋታ የፈሰሰ ዚንክ ላይ ክሮም የተነከረ ነው። ሲያነሱት ይከብዳል። ሲያረጅ ክሮሙ ሥር አረፋ ያወጣል።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል? ሁለት የተለያየ ብረት ተነካክቶ መሃሉ እርጥበት ሲገባ አንዱ ሌላውን ያስበላዋል። ዚንክና አሉሚኒየም ከላሜራው ጋር ሲገናኙ የሚበሉት እነሱ ናቸው። ባጅዎ ጀርባ ላይ ነጭ ዱቄት ካዩ ይህ ነው። የማይዝግ ብረት ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚበላው የመኪናው ላሜራ ነው። ከዚህም የሚከፋው ስፋቱ ነው። ሰፊ የማይዝግ ብረት ጀርባ ትንሽ ጭረት ብቻ ያለው ላሜራ ሲኖር፣ የዝገቱ ኃይል ሁሉ እዚያች ጭረት ላይ ይሰበሰባል። በፍጥነት ይበሳታል። ከቀለሙ በፊት ያዩት ከክሮሙ ጀርባ የተደበቀ ቀዳዳ ቀዳዳ ዝገት ብዙውን ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው። ውሃው ብቻውን አይደለም ያን ያደረገው።

ስለዚህ ክሊፖቹ አዲስ የሚገዙ ከሆነ ከብረት ይልቅ የናይለኑን ይምረጡ፤ ለመኪናዎ ከተገኘ። ክሮሙ ጠርዝ ቀለሙን የሚነካበት መስመር ላይ ደግሞ ግልጽ የቀለም መከላከያ ፕላስቲክ በቀጭኑ ቆርጠው ይለጥፉ። ከክሮሙ ጠባብ ካደረጉት ማንም አያየውም። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ክሮሙ ቀለሙን እየፋቀ ባዶ ብረት እንዳያወጣ ያደርጋል። ትንሽ ሥራ ነው፣ ጥቅሙ ግን ከማሸጊያው አይተናነስም።

ስለ አሉሚኒየሙ አንድ ሌላ ነገር። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከላሜራ ብረት እጥፍ ያህል ነው። 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ጌጥ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር 1.7 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ከሥሩ ያለው ላሜራ የሚረዝመው 0.9 ብቻ ነው። ወደ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጋ ልዩነት በየቀኑ ይመጣል፣ ይሄዳል። ክሊፕ ላይ ያለ ጌጥ ተንሸራትቶ ያልፈዋል። ቡቲልም አብሮ ይለጠጣል። ጠንካራ ማጣበቂያ ግን ወይ ይላቀቃል፣ ወይ ጌጡን ያጎብጠዋል። አሉሚኒየሙን ሲያጸዱም ጠንካራ የሞተር ማጠቢያ ወይም የምድጃ ማጽጃ አይጠቀሙ፤ ገጹን የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን ያነሱበታል።

አሁን ቀዳዳዎቹ። እውነቱን ለመናገር ክሮም የሚታሸገው እዚህ ነው። የትኛውም ማሸጊያ የዛገ ጠርዝ ላይ ቢቀመጥ ዝገቱን ከላይ ሸፍኖ ከሥር ማስቀጠል ነው። እያንዳንዱን የክሊፕ ቀዳዳ በመብራት ይዩት። ቀለም ሲረጭ የቀዳዳው የውስጥ ጠርዝ ላይ ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ከላይ ያማረ ነው፣ ጠርዙ ግን ባዶ ብረት ነው። የተረፈ ሹል ብረት ካለ በትንሽ ሞረድ ያለስልሱት። በደንብ አጽድተው በቀጭን ብሩሽ ኤፖክሲ ፕራይመር ይቀቡት፤ ከተቻለ ከኋላ በኩልም። ሲደርቅ የመኪናውን ቀለም ደርቡበት። አሰልቺ ነው። ቀዳዳው ብዙ ነው። ግን ከዚህ መጣጥፍ አንዱን ምክር ብቻ የሚወስዱ ቢሆን ይህንን ይውሰዱ ብዬ እለምንዎታለሁ።

ሦስት ሳምንት ስላሉት፣ ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የሚረጭ ቀለም ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። በአየር ብቻ የሚደርቅ ቀለም ከሆነ ግን ይቆዩ። ውስጡ ገና ያልተነነ ቲነር አለ፤ ክሮም ሲጫንበት የክሮሙ ጠርዝ ቀለሙ ላይ ታትሞ ይቀራል። የማይታይ ቦታ ላይ በጥፍርዎ ጫን ያድርጉት። ምልክት ከቀረ ገና ነው። ቀለም ቀቢዎን የቀለሙን ዓይነት ይጠይቁ፤ ቆርቆሮው ላይ ያለውን መመሪያም ያንብቡ።

ዝገት ለመከላከል ወደ ላሜራው ውስጥ ሰም የሚረጩ ከሆነ ደግሞ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ። መጀመሪያ ክሊፑና ቡቲሉ፣ ከዚያ ከውስጥ በኩል ሰሙ። ሰም ቀድሞ ከነካው ቡቲሉ አይይዝም።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ መጣሁ። ክሮሙን ዙሪያውን መድፈን። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ውሃ ካልገባ ዝገት የለም ነው ነገሩ። ችግሩ ውሃ መግባቱ አይቀርም። መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ይሞቃል፣ ይበርዳል። ረጅሙ የማሸጊያ መስመር አንድ ቦታ ላይ ፀጉር የምታህል ክፍተት ይከፍታል። ውሃ በዚያች ክፍተት ራሱን ስቦ ይገባል። ከዚያ የቀረው መስመር ሁሉ እንዳይወጣ ይዘጋበታል። ክፍት ክሮም ጀርባ የገባ ውሃ በነፋስ ይደርቃል። በተደፈነ ክሮም ጀርባ የገባው ግን ሳምንታት ይቀመጣል። እኔ የማያቸው ክፉ ዝገቶች አብዛኞቹ ምንም ካልታሸገ ክሮም ሥር አይደሉም፤ ዙሪያውን በሲሊኮን ከተደፈነ ሥር ናቸው።

የላይኛውን ጠርዝ ብቻ አሽጎ የታችኛውን ክፍት መተው የሚመክሩ አሉ። ከሙሉው ይሻላል፤ እኔ ግን እሱንም አላደርገውም። አቧራ ይይዛል፣ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል፣ ክሮሙንም ለማውለቅ ሲፈልጉ መቁረጥ ይጠበቅብዎታል። ቀዳዳዎቹ በደንብ ከታሸጉ ከክሮሙ ጀርባ የሚወርድ ውሃ ጉዳት የለውም። ወርዶ ይሂድ። የበር ሥሩ አሉሚኒየም ጀርባ ደግሞ ጭቃ ስለሚሰበስብ የታችኛው ጠርዝ ፈጽሞ እንዳይዘጋ። ከሥሩ ያሉትን የላሜራ መፍሰሻ ቀዳዳዎችም በሽቦ ጠርገው ክፍት መሆናቸውን ያረጋግጡ።

የስቶፕ መብራቶቹ ሌላ ሕግ አላቸው። እዚያ የሚያሽገው ጎሚኒው ነው። አዲስ ጎሚኒ ካገኙ ምንም ማሸጊያ አይጨምሩ። ላሜራው ከጥገና በኋላ ወጣ ገባ ከሆነ ብቻ ስስ ቡቲል ይግባ፤ እሱም በላሜራውና በጎሚኒው መሃል እንጂ በጎሚኒውና በፕላስቲኩ መሃል አይደለም። ቀዩ ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ ነው። ቲነር ያለበት ማሸጊያ ወይም ማጽጃ ሲነካው ወዲያው ባይታይም ቆይቶ በቀጫጭን ስንጥቅ ይሞላል። ለጀልባ የሚሸጠው ፖሊሰልፋይድ የሚባል ማሸጊያም ለዚህ ዓይነት ፕላስቲክ አይሆንም። ብሎኖቹን ሲያጠብቁ በተራ፣ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ። ክፈፉ ዚንክ ከሆነ ይሰበራል፤ የተሰበረ ዚንክ መበየድ ደግሞ የሁሉም ሰው ሙያ አይደለም።

ባጆች እግር ካላቸው ነገሩ ከክሊፕ ጋር አንድ ነው፤ እግሩ ሥር የቡቲል ቀለበት፣ ከኋላ ዳዶው ወይም ስፕሪንግ መያዣው። እግሩን በኤፖክሲ እንዳይሞሉት። እግሩ ድሮ ተሰብሮ ከሆነ ወይም ባጁ ሲጀመር እግር ከሌለው ሁለት ገጽ ያለው የአክሪሊክ ስፖንጅ ቴፕ ይጠቀሙ፤ ቪኤችቢ እየተባለ የሚሸጠው። ቦታውን ግማሽ ውሃ ግማሽ አይሶፕሮፒል አልኮል በሆነ ድብልቅ ያጽዱ። ላሜራው ከ20 ዲግሪ በላይ ይሁን፤ ከቀዘቀዘ ቀድመው ያሙቁት። ከለጠፉ በኋላ አጥብቀው ይጫኑት፤ ቴፑን የሚያጣብቀው ግፊቱ ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ግማሽ ያህል ኃይሉን ይይዛል፤ በ24 ሰዓት 90 በመቶ፤ ሙሉው 72 ሰዓት ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ መኪናውን አይጠቡ። ለማውለቅ ሲፈልጉ የዓሣ ማጥመጃ ክር ከኋላ አስገብተው እንደ መጋዝ ይሳቡት፤ ቴፑ መሃሉ ላይ ይቆረጣል፣ ባጁም ቀለሙም ይተርፋሉ።

የፊት መስታወቱን ለብቻው መጻፍ ይገባል፤ እዚህ ግን ስለ ማሸጊያው ብቻ ልበል። የእርስዎ መስታወት በጎሚኒ የተያዘ ከሆነ፣ እንዳይጣበቅ ይጠንቀቁ። ለዚህ የተሠራ የማይደርቅ የመስታወት ማስቲክ አለ። መስታወቱ ከገባ በኋላ የጎሚኒውን ከንፈር በፕላስቲክ ማንሻ እያነሱ፣ አፈ ቀጭኑን ቱቦ ከሥሩ አስገብተው ዙሪያውን ይሞሉታል። አንዴ በላሜራው በኩል፣ አንዴ በመስታወቱ በኩል። እዚህ ቦታ ፖሊዩሬቴን ያስገባ ሰው መስታወቱን ዳግመኛ ሳይሰብር ማውጣት ይቸግረዋል። የዚያ ዘመን መስታወት ደግሞ እንደልብ አይገኝም። ጎሚኒው ላይ የሚሰካ የክሮም መስመር ካለው በብዙ መኪኖች ይህን መጀመሪያ፣ ጎሚኒው ገና ውጭ እያለ ይሰኩት። ለማለስለሻ የሳሙና ውሃ ይበቃል። ግሪስና ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጡታል። ጎሚኒው ራሱ ደርቆ የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ ምንም ማስቲክ አያድነውም፤ ይቀየር።

የቀድሞ ባለቤት ሲሊኮን ተጠቅሞ ከሆነና ክሮሞቹ ጀርባ ላይ ቅሪት ካለ፣ መጀመሪያ በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሱት፣ ከዚያ የሲሊኮን ማስለቀቂያ ይቀቡ፣ በየጊዜው በአዲስ ጨርቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይጥረጉ። ንጹሕ መሆኑን ለማየት ውሃ ይርጩበት። ውሃው ወጥ ሆኖ ከተዘረጋ ጸድቷል። እየተበጣጠሰ ከሸሸ ገና አለ።

ሲገዙ ቱቦው ላይ ያለውን ቀን ይዩ። በእርጥበት የሚደርቁት ሁሉ፣ ፖሊዩሬቴንም ኤምኤስ ፖሊመርም፣ መደርደሪያ ላይ ያረጃሉ። ቱቦውን ሲጫኑት ደንደን ካለ ይመልሱት። ቡቲል በዚህ በኩል ታጋሽ ነው፤ ከወረቀቱ ካልወጣና አቧራ ካልነካው ለዓመታት ይቆያል።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ ምንጣፉን ከመመለስዎ በፊት በውሃ ይፈትኑት። የግፊት ማጠቢያ አይደለም፤ እሱ ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ሁሉ ውሃ ያስገባል። ተራ የአትክልት ጎማ፣ አፉ ክፍት። ከታች ይጀምሩና ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይውጡ፤ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቆዩ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለሚያርስ ከየት እንደገባ አያውቁም። አንድ ሰው ባትሪ መብራት ይዞ ውስጥ ይቀመጥ። ወለሉ ላይ ደረቅ ጋዜጣ ያንጥፉ፤ የመጀመሪያዋን ጠብታ ያሳይዎታል።

ወለሉ ላይ ውሃ ካዩም ክሮሞቹን ወዲያው አያውልቁ። መጀመሪያ የበሩን የውስጥ ሽፋን ያውልቁ። በር ውስጥ ውሃ መግባቱ የተለመደ ነው፤ ከመስታወቱ ጎን ይገባል፣ ከበሩ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ወደ ወለሉ እንዳይሻገር የሚከለክለው ከሽፋኑ ጀርባ የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ ለቀለም ሲባል ተነስቶ ሳይመለስ የቀረባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው፤ ሐሜቱ ግን በክሮሙ ላይ ይወርዳል። ጠንከር ያለ ፕላስቲክ በልኩ ቆርጠው፣ ከክሊፖቹ በተረፈው ቡቲል ገመድ ዙሪያውን ይለጥፉት፤ የታችኛው ጫፉ ግን ወደ በሩ ውስጥ ይግባ፣ ውሃው ወደዚያው እንዲንጠባጠብ።